ባልና ሚስት በአንድ አገልግሎት

ቅዱስ መጽሐፍ ስለ አቂላና ስለ ጵርስቅላ የሚነግረን ጥቂት ነው። ቀላውዴዎስ ቄሣር አይሁድ ከሮም እንዲወጡ ባዘዘ ጊዜ ከኢጣልያ ወጥተው ወደ ቆሮንቶስ መጡ፤ ሙያቸው ድንኳን መስፋት ነበረ፤ ቅዱስ ጳውሎስም ሙያው ከሙያቸው አንድ ስለ ሆነ በቤታቸው ተቀመጠ፤ ኋላም አብረውት ወደ ኤፌሶን ተሻገሩ (የሐዋ. ሥራ ምዕ. 18)። ተአምር አደረጉ አይልም። መስፋት፥ እንግዳ መቀበል፥ አጵሎስን ወደ ቤታቸው ወስደው የጐደለውን ማስተማር፤ የተጻፈላቸው ይኸው የዕለት ተዕለት ኑሯቸው ነው። ደግሞም ባልየው ያለ ሚስቱ፥ ሚስትየዋም ያለ ባሏ የተጠሩበት ስፍራ የለም።

በባዕድ አገር እያገለገሉ አብረው ያረጁ ባልና ሚስት እንዴት እንደ ኖሩ ለማየት ግን እስከ ቆሮንቶስ መሄድ አያሻንም። ከሜክሲኮ አደባባይ ተነሥቶ በልደታ በኩል ወደ ምዕራብ የሚሄድ ሰው፥ በኋላ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ወደ ተባለው ስፍራ ይደርሳል። ይህ ቤት ቀድሞ የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ይባል ነበር። ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመን በእንግሊዝ አገር የነርስነት ሙያ የተማሩ፥ በ1934 ዓ.ም. በወሊድ ምክንያት በነቀምቴ ያረፉ ናቸው። በስማቸው በተሠራው ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት እንዲያቋቁሙ፥ ዶክተር ረጂናልድ ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን ሐምሊን በግንቦት ወር 1951 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። ባልየው የኒውዚላንድ፥ ሚስትየዋ የአውስትራልያ ተወላጅ ነበሩ። ውላቸው የ3 ዓመት ነበር። የዶክተር ረጂናልድ ዕድሜ ያን ጊዜ 51 ነበር፤ አምሳን ያለፍን ሰዎች እንደምናውቀው፥ በዚህ ዕድሜ አዲስ አገርና አዲስ ቋንቋ መጀመር ቀላል ነገር አይደለም።

የእኛ ቤተ ክርስቲያን ልጆች አልነበሩም፤ ክርስቲያኖች ግን ነበሩ። ሚሲዮን በተባለ ቍጥር ወዲያው ክርክር የሚታየን ሰዎች ብዙ ነን፤ እነዚህ ግን የመጡት በመንግሥት ተቀጥረው ሕሙማንን ለማከም ነው።

ገና እንደ ደረሱ አንድ ባልደረባቸው፥ የፊስቱላ ሕሙማን ልባቸውን እንደሚሰብሩት አስጠነቀቋቸው። ይህ ደዌ ምጥ ለብዙ ቀን ሲጸና የሚመጣ ነው። የሕፃኑ ራስ የእናቲቱን ገላ አጥንቷ ላይ ተጭኖ ደም ስለሚከለክለው ሥጋው ይሞትና ይቀደዳል፤ ብዙውን ጊዜ ሕፃኑም ይሞታል። ከዚያ በኋላ ሽንቷ፥ አንዳንድ ጊዜም ዐይነ ምድሯ፥ ሳታዝዘው ቀንና ሌሊት ይፈሳል። በአውስትራልያ ይህ ደዌ ጠፍቶ ስለ ነበረ ሁለቱ ሐኪሞች አይተውት አያውቁም፤ ቀዶ ሕክምናውን እንደ ደቀ መዝሙር ከመጻሕፍት ይማሩት ጀመር። በዚህ ሙያ ቀድመው ከሠሩትና ከጻፉት ሊቃውንት አንዱ የካይሮው ናጊብ ማሕፉዝ ፓሻ፥ የእኅት ቤተ ክርስቲያናችን የቅብጦች ልጅ መሆናቸውንም አንባቢ ልብ ይበል። ሐምሊኖች በመጀመሪያው ዓመት 30 ሴቶችን አከሙ። ወሬው በየገጠሩ ሲሰማ፥ በእግር ብዙ ቀን የተጓዙ ሴቶች ደጃቸውን ይጠኑ ጀመር፤ ዶክተር ረጂናልድም እነዚህን ሴቶች እንደ ተሳላሚ መንገደኞች ይቈጥሯቸው ነበር።

በግንቦት 1967 ዓ.ም. ለዚህ ደዌ ብቻ የተለየውን ሆስፒታል በአዲስ አበባ በወንዝ ዳር ከፈቱ። ዘመኑ የለውጥና የሥጋት ዘመን ነበር፤ ብዙ የውጭ አገር ሰዎች ሄደዋል። ዶክተር ረጂናልድ 67 ዓመት ሆኗቸው ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለው ኑሯቸው ለዜና የሚመች አልነበረም፦ ቤታቸው በሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ፥ ሥራቸው ከቤታቸው ደጃፍ፤ ዛሬ ቀዶ ሕክምና፥ ነገ ሕሙማንን መጐብኘት፥ ከነገ ወዲያም ያው። የዳነችው አዲስ ልብስ ለብሳ ወደ አገሯ ስትሄድ በአልጋዋ ሌላዋ ትተኛለች። ታክማ እዚያው ያገለገለች ማሚቱ ጋሼ፥ ትምህርት ቤት ሳትገባ ከእነርሱ እጅ አይታ ቀዶ ሕክምናውን ተማረች፤ ኋላም ለሌሎች ሐኪሞች አስተማሪ ሆነች። እኔ ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው ይህን ነው፤ መምህር ትልቅነቱ በተማሪው ይታወቃልና።

ዶክተር ረጂናልድ በ1985 ዓ.ም. ዐረፉ። ባለቤታቸው ወደ አገራቸው አልተመለሱም፤ ሰማንያን ካለፉ በኋላ እንኳ ከቀዶ ሕክምና ሳይለዩ 27 ዓመት ያህል ብቻቸውን ሠሩ። መጀመሪያ የመጡበት የአዋላጆች ትምህርት ጕዳይም አርባ ስምንት ዓመት ያህል ቈይቶ፥ በስማቸው በተከፈተው ኮሌጅ ተፈጸመ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በ96 ዓመታቸው በአዲስ አበባ ዐረፉ። የ3 ዓመቱ ውል 61 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር።

እንግዲህ ነገሩ ወደ እኛ ይመጣል። ደም ይፈስሳት የነበረችው ሴት ዐሥራ ሁለት ዓመት ስትሠቃይ ኖራ በሕዝብ መካከል ተሸሽጋ የጌታን ልብስ እንደ ነካች እናነባለን፤ ጌታም በሁሉ ፊት ልጄ ብሎ ጠራት (ማር. 5)። የእኛዪቱ ሴት ግን ጠረኗን አፍራ ከቅጽሩ ውጭ ቆማ ትመለሳለች፥ ወይም ከቤቱ ጓሮ በተሠራላት ጎጆ ትቀመጣለች፤ ባሏም ፈቷታል። የነፍስ አባቷ ከማኅበር መጥፋቷን እንደ ስንፍና ቢቈጥርባት ምን ይባላል? ደዌውን እርግማን ነው የሚልም አለ፤ ፈጽሞ ስሕተት ነው። ለጋ ልጅ ሲያጋቡ ዝም የሚል ካህንም ከነገሩ ውጭ አይደለም፤ የአገሩ ሕግ 18 ዓመት ይላልና።

ሴቲቱ ይህን ለካህን ለመናገር ታፍራለች። ለካህኑ ባለቤት ግን ትነግራለች፤ በወንዝ፥ በወፍጮ፥ በልቅሶ ቤት የሚገናኙ እነርሱ ናቸውና። ቤተ ክርስቲያናችን ቄስን ከነሚስቱ በአጥቢያ ያስቀመጠችበትን ሥርዓት በዚህ በኩል ያየነው አይመስለኝም። ባለቤቱ ትጠይቅ፥ እርሱ ለቤተ ሰቡ ያስረዳ። ጠበል ይጠመቁ፤ ሐኪምም አለ ብሎ መንገር ጠበሉን መንቀፍ አይደለም።

ሕክምናው ያለ ዋጋ ነው። ከአዲስ አበባ ሌላ በባሕር ዳር፥ በመቀሌ፥ በሐረር፥ በይርጋለምና በመቱ የሆስፒታሉ ቅርንጫፎች ተከፍተዋል፤ ስለዚህ የጎጃም ሴት ዋና ከተማ ድረስ እንድትጓዝ ግድ የለም። መንገዱ ግን ለብቻዋ ይከብዳታል። ስለ ጠረኗ ተሳፋሪዎች ተቈጥተው ከአውቶቡስ ያስወረዷቸው ሴቶች ጥቂት አይደሉም፤ ስለዚህ እስክትደርስ ድረስ አጠገቧ የሚቀመጥ ሰው ያስፈልጋታል።