አውቶቡስ ተራ ሥራ ለመጀመር የሰው ስም አይዋሱ

ከውጭ ተመልሰው መርካቶ፣ አውቶቡስ ተራ አካባቢ የመንገደኛ ቁርስ ቤት ወይም የመለዋወጫ ሱቅ ሊከፍቱ ካሰቡ፣ ከሁሉ በፊት የንግድ ማኅበሩን በማን ስም እንደሚያቆሙ ይወስኑ።

በ1952ቱ የንግድ ሕግ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልግ ስለነበር፣ ብዙዎች ወንድም ወይም እህት ለቁጥር ማሟያ ያስገቡ ነበር። ለስም የገባው ሰው ግን በሕግ ፊት እውነተኛ ባለድርሻ ነው። ሲሞትም ድርሻው ወደ ወራሾቹ ያልፋል። ዘመድ ከዘመድ ፍርድ ቤት የሚያቆመው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። በ2013 የወጣው የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243 ባለአንድ አባል ማኅበርን ፈቅዷል፤ ዝቅተኛው ካፒታል 15,000 ብር ነው። ቢሞቱ ወይም ሥራውን መምራት ባይችሉ የሚተካዎትን ሰው መሰየም ግን ይጠበቅብዎታል። ለዘመድ ያለዎትን እምነት እዚህ ላይ ያሳዩ።

የውጭ ፓስፖርት ከያዙ ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት ስለማትቀበል በመጀመሪያ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ (ቢጫ ካርድ) ያውጡ። እንደ ሀገር ውስጥ ባለሀብት ከተመዘገቡ፣ አንድ የውጭ ባለሀብት ብቻውን ሲገባ የሚጠየቀው 200,000 ዶላር እርስዎን አይመለከትም። በአንጻሩ ትርፍን በውጭ ምንዛሪ ወደ ውጭ የማስተላለፍ መብት በኢንቨስትመንት አዋጁ የተሰጠው ለውጭ ባለሀብት መሆኑን አስበው ይግቡ። ገና ሳይመለሱ፣ ውጭ አገር ሆነው በወኪል የሚያስመዘግቡ ከሆነ ውክልናውን በኢትዮጵያ ኤምባሲ ያሠሩ፤ አዲስ አበባ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ ያልፋል። ወኪሉ የሚችለውን ሥራ አንድ በአንድ ያስጽፉ። “ማናቸውንም ነገር እንዲያደርግልኝ” የሚል ውክልና አይስጡ።

የቤቱ ጉዳይ ከሁሉ ይከብዳል። በመርካቶ ዙሪያ ብዙ የንግድ ቤት የመንግሥት ነው፤ የቀበሌ ቤት የያዘ ተከራይ ለሌላ ማከራየት አይፈቀድለትም። ስለዚህ ለያዡ በእጅ ገንዘብ ሰጥተው የሚገቡበት ሱቅ ነገ ቢወሰድ የሚሟገቱበት ወረቀት አይኖርዎትም። ባለቤቱ ማን እንደሆነ በክፍለ ከተማው አጣርተው ውሉን በማኅበሩ ስም ይፈራረሙ። የመድን ውሉም በማኅበሩ ስም ይሁን፤ በጥቅምት 2017 መርካቶ ሸማ ተራ ላይ የደረሰውን ቃጠሎ ያየ ሰው ይህን አይዘነጋም።

ኃላፊነትን መወሰን ማለት የማኅበሩ ዕዳ ከማኅበሩ ንብረት አልፎ የግል ቤትዎንና ቁጠባዎን አይነካም ማለት ነው። ዕቃ በዱቤ በሚገባበት መርካቶ ይህ ትልቅ ከለላ ነው። ነገር ግን ከማኅበሩ ሂሳብ የልጅ ትምህርት ቤት ከከፈሉ፣ የማኅበሩንም ገቢ በግል ሂሳብዎ ካስገቡ፣ ንብረቱን ቀላቅለዋልና ፍርድ ቤት ዕዳውን ከግል ሀብትዎ እንዲከፍሉ ሊያዝ ይችላል። ባንክ ሲያበድር የግል ዋስትና ካስፈረመዎትም በዚያ ብድር ከለላው ይቀራል፤ ሳይፈርሙ በፊት ያንብቡ።

ማኅበር የሆነ ሁሉ፣ ገቢው ቢያንስም የደረጃ “ሀ” ግብር ከፋይ ነው፤ መዝገብ የመያዝ ግዴታ አለበት። ስለዚህ የሂሳብ ባለሙያውን ሱቁ ከመከፈቱ በፊት ይቅጠሩ። የንግድ ፈቃድ የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው፤ ከዚያ ካለፈ ቅጣት አለው።