ሁለት የፕሮግራም ቋንቋዎች ሲገናኙ፦ የዳታ ዓይነት አለመጣጣምና መፍትሔው

የተማሪዎችን ስም የሚመዘግብ ፕሮግራም በፓይተን ቋንቋ ጻፍን እንበል። የስሙን ርዝመት ለማወቅ በሲ ቋንቋ የተጻፈውንና ለብዙ ዓመታት የተፈተነውን «ስትርሌን» የተባለ ፈንክሽን ጠራን። «ሰላም» የሚለውን ስም ብንሰጠው፣ ፊደሎቹ ሦስት ሆነው ሳለ፣ በሊኑክስ ላይ «2» ብሎ ይመልሳል፤ በዊንዶውስ ላይ ደግሞ «6» ይላል። ኮምፒውተሩ አልተበላሸም፤ ላይብረሪውም እንከን የለበትም። ስሕተቱ ያለው በሁለቱ ቋንቋዎች መገናኛ ላይ ነው። በዚህ ጽሑፍ የስሕተቱን ምንጭና መፍትሔውን እንመለከታለን።

ቢት ዓይነቱን አይናገርም

በሜሞሪ ውስጥ ያለው ዜሮና አንድ ብቻ ነው። ያ የቢት ስብስብ ሙሉ ቁጥር ይሁን፣ አስርዮሽ ቁጥር ይሁን ወይም ፊደል የሚወስነው አንባቢው ነው። ለምሳሌ 16 የሚለውን ቁጥር በ32 ቢት የአስርዮሽ ቁጥር ዓይነት፣ ማለትም በ«ፍሎት»፣ ብናስቀምጥና ያንኑ 32 ቢት እንደ ሙሉ ቁጥር ብናነበው 1,098,907,648 እናገኛለን። ከቢቶቹ አንዱም አልተለወጠም፤ የተለወጠው አነባበቡ ነው።

በአንድ ቋንቋ ብቻ ስንሠራ ላኪና ተቀባይ በአነባበቡ መስማማታቸውን ቋንቋው ራሱ ይቆጣጠራል። በሲ የተጻፈ ላይብረሪ ግን በኮምፓይለር ወደ ማሽን ቋንቋ ከተለወጠ በኋላ የፈንክሽኑን ስምና ትእዛዞቹን እንጂ ምን ዓይነት ዳታ እንደሚቀበልና እንደሚመልስ አይነግረንም። ስለዚህ ከፓይተን በኩል ይህን ስምምነት ማስፈር የፕሮግራመሩ ኃላፊነት ይሆናል። ፓይተን ለዚህ የሚሆን «ሲታይፕስ» የተባለ መሣሪያ ከ2.5 እትሙ (እ.ኤ.አ. 2006) ጀምሮ አብሮት ይገኛል።

ሦስቱ የአለመጣጣም ዓይነቶች

1. የዝርያ አለመጣጣም። የሲ የስኩዌር ሩት ፈንክሽን «ደብል» የተባለውን 64 ቢት የአስርዮሽ ቁጥር ተቀብሎ ደብል ይመልሳል። ይህን ሳናሳውቅ ሙሉ ቁጥር 16ን ብንልክለት፣ በተለመዱት 64 ቢት ኮምፒውተሮች ላይ ቁጥሩ ለሙሉ ቁጥር በተመደበው ሬጅስተር ይገባል። ፈንክሽኑ ግን የሚያየው ለአስርዮሽ ቁጥር የተመደበውን ሬጅስተር ስለሆነ፣ እዚያ የቆየውን ማናቸውንም ነገር አንሥቶ ያሰላል። መልሱንም ሲታይፕስ ካልነገሩት በስተቀር እንደ ሙሉ ቁጥር ያነበዋል፤ 4ን የጠበቀ ሰው ትርጉም የሌለው ቁጥር ያገኛል። በአንጻሩ 16.0 ብለን በአስርዮሽ ብንልክ ሲታይፕስ «አላውቀውም» ብሎ ሥራውን ያቆማል። ይህ መልካም አጋጣሚ ነው፤ የሚጮኽ ስሕተት ከዝምተኛ ስሕተት ይሻላልና።

2. የስፋት አለመጣጣም። ቁና በስሙ አንድ ቢሆንም መጠኑ ከገበያ ገበያ እንደሚለያይ ሁሉ፣ በሲ «ሎንግ» የሚባለው ሙሉ ቁጥር በ64 ቢት ሊኑክስ 64 ቢት ሲሆን በ64 ቢት ዊንዶውስ 32 ቢት ነው። የፓይተን ሙሉ ቁጥር ወሰን የለውም፤ የሲ «ኢንት» ግን በአብዛኛው 32 ቢት በመሆኑ ከ2,147,483,647 በላይ አይዝም። 3,000,000,000ን ወደዚህ ዓይነት ብንለውጥ ያለ ማስጠንቀቂያ −1,294,967,296 ይሆናል። 64 ቢት የሆነ የሜሞሪ አድራሻም እንደ 32 ቢት ቁጥር ከተነበበ ግማሹ ተቆርጦ ይቀርና ፕሮግራሙ ሊወድቅ ይችላል።

3. የጽሑፍ አለመጣጣም። አሁን ወደ መነሻችን እንመለስ። ፓይተን 3 «ሰላም»ን የሚያየው እንደ ሦስት የዩኒኮድ ፊደላት ነው። ሲታይፕስ ምንም ካልተነገረው በሊኑክስ ለእያንዳንዱ ፊደል 4 ባይት ይመድባል። ስትርሌን ደግሞ ዜሮ ባይት እስኪያገኝ ድረስ ይቆጥራል። «ሰ» ከ4 ባይቶቹ ሁለቱን ብቻ ስለሚጠቀምና ቀሪዎቹ ዜሮ ስለሆኑ ቆጠራው በ2 ያበቃል። በዊንዶውስ ለፊደል የሚመደበው 2 ባይት በመሆኑ ሦስቱ ፊደላት 6 ይሆናሉ። በዩቲኤፍ-8 ብንልከው ግን እያንዳንዱ የተለመደ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ መልሱ 9 ነው። ይህም ትክክለኛው የባይት ብዛት እንጂ የፊደል ብዛት አይደለም።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ላይብረሪው ለስም 20 ባይት ቢመድብና አንዱን ለመዝጊያው ዜሮ ቢይዝ፣ 24 ባይት የሚፈልገው «ወልደገብርኤል» በ19ኛው ባይት ላይ ይቆረጣል። በመዝገቡ የሚቀረው «ወልደገብር»ና አንድ የተሰበረ ባይት ነው። ባለቤቱ በሌላ ሰው ስም ተመዘገበ ማለት ነው።

መፍትሔው

ሀ. ፈንክሽኑን ከመጥራት በፊት የላይብረሪውን ሄደር ፋይል ከፍቶ የሚቀበለውንና የሚመልሰውን ዓይነት ማንበብ።

ለ. የተነበበውን በሲታይፕስ ማሳወቅ፤ የሚቀበለውን «አርግታይፕስ» በሚለው፣ የሚመልሰውን «ሬስታይፕ» በሚለው። ለስኩዌር ሩት ሁለቱንም ደብል ካደረግን 16ም ሆነ 16.0 ብንልክ 4.0 እናገኛለን። ለስትርሌን ተቀባዩ የባይት ስትሪንግ መሆኑን ካሳወቅን፣ ያልተለወጠ የፓይተን ጽሑፍ ስንልክ በዝምታ 2 ከማለት ይልቅ ስሕተቱን ይነግረናል።

ሐ. ጽሑፍን አስቀድሞ ወደ ዩቲኤፍ-8 ባይቶች መለወጥ፤ የሚመደበውንም ቦታ በፊደል ሳይሆን በባይት ማስላት።

መ. የቁጥሩን ወሰን ራስ መፈተሽ። ሲታይፕስ ዝርያውን ይቆጣጠራል እንጂ ቁጥሩ በ32 ቢት መያዙን አይመረምርም፤ ዓይነቱን ማሳወቅ ብቻውን አይበቃም።

ሠ. መልሱ አስቀድሞ በሚታወቅ ምሳሌ መፈተን። በእንግሊዝኛ ስም ብቻ የተፈተነ ፕሮግራም በአማርኛ ስም ሊሳሳት ይችላልና ምሳሌዎቹ የተለያዩ ይሁኑ።

የአንድ ሮኬት ትምህርት

እ.ኤ.አ. ጁን 4 ቀን 1996 ከፈረንሳይ ጉያና የተነሣው አርያን 5 ሮኬት ገና አንድ ደቂቃ ሳይሞላው በአየር ላይ ፈነዳ። ከአርያን 4 የተወሰደ ፕሮግራም አንድን 64 ቢት የአስርዮሽ ቁጥር ወደ 16 ቢት ሙሉ ቁጥር ሲለውጥ፣ ቁጥሩ 16 ቢት ሊይዝ ከሚችለው ከ32,767 በላይ ሆኖ ተገኘ። የቀድሞው ሮኬት በጉዞው መጀመሪያ እንዲህ ያለ ከፍተኛ የአግድም ፍጥነት አልነበረውም። እዚህ ላይ የተገናኙት ሁለት ቋንቋዎች አልነበሩም፤ ሆኖም መሠረቱ ያው ነው። በአንድ ቦታ በትክክል የሠራ ፕሮግራም ወደ ሌላ ሲወሰድ የቁጥሮቹ ዓይነትና ወሰን እንደ አዲስ መመርመር አለባቸው።

መልመጃ

1. «አበበ» የሚለው ስም በዩቲኤፍ-8 ስንት ባይት ይይዛል? መዝጊያው ዜሮ ሲጨመርስ?

2. 5,000,000,000 ወደ 32 ቢት ሙሉ ቁጥር ሲለወጥ 705,032,704 ይሆናል። እንዴት እንደሆነ በስሌት አሳዩ። ውጤቱ አሉታዊ ባለመሆኑ ብቻ ትክክል ነው ሊባል ይችላልን?