የምግብ ታሪክ ሊቅ ሥራ
(በአየርላንድ ምሳሌነት የቀረበ ትምህርት)

ታሪክ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበን የነገሥታት ስም፥ የጦርነት ዘመንና የውል ቃል ነው። ነገር ግን ንጉሡም ወታደሩም ገበሬውም በልተው ካላደሩ ሌላው ሥራ ሁሉ አይሆንም። ስለዚህ ሰው ቀድሞ ምን ይበላ እንደ ነበረ፥ እንዴት ያበስለው እንደ ነበረ፥ ማን ከማን ጋራ በአንድ ማዕድ ይቀመጥ እንደ ነበረ መርምሮ የሚጽፍ የታሪክ ሊቅ አለ። ትምህርታችንን ስንጨርስ የምንመርጠው ሥራ ሐኪምነት፥ መሐንዲስነትና ጠበቃነት ብቻ እንዳይመስለን፥ የዚህን ሊቅ ሥራ በአየርላንድ አገር ምሳሌነት እንመለከታለን። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አየርላንድ ከእንግሊዝ አገር በስተ ምዕራብ ያለች ደሴት ናት። ስሟ ሲነሣ ድንች አብሮ ይነሣል። ድንች ግን ከደቡብ አሜሪካ የመጣ እንግዳ ነው፤ ወደ ደሴቲቱ የገባውም በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ነው። ቀስ በቀስ የድኻው ዋና ምግብ ሆነ፤ አንድ የጕልበት ሠራተኛ በቀን 5 ኪሎ ያህል ይበላ ነበር። በ1845 ዓ.ም ቅጠሉን የሚያጠቁር፥ ድንቹንም የሚያበሰብስ በሽታ ገባ። እስከ 1852 ዓ.ም በቈየው ረኃብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሞተ፤ ሌላ አንድ ሚሊዮን ያህል አገሩን ትቶ ተሰደደ። ከዚህ መከራ የተነሣ ብዙ ሰዎች፥ የአገሩ ተወላጆች እንኳ ሳይቀሩ፥ አየርላንድ የረኃብ ታሪክ እንጂ የምግብ ታሪክ የላትም ወደ ማለት ደረሱ። ይህ አባባል እውነት መሆኑንና አለመሆኑን መመርመር የታሪክ ሊቅ ፋንታ ነው። ለዚህም አራት ዓይነት ምስክሮች አሉት።

1ኛ/ መጻሕፍት። የጥንቱ የአየርላንድ ሕግ ከነማብራሪያው፥ በሌላ ቤተ ሰብ ዘንድ ለሚያድጉ ልጆች የሚሰጠውን ገንፎ በማዕርግ ይከፍለዋል። የተራ ሰው ልጅ ገንፎ በውሃ ወይም በአሬራ ይሠራል፤ ቅቤውም ጨው የገባበት ነው። የመኰንን ልጅ ገንፎ በወተት ተሠርቶ ትኩስ ቅቤ ይደረግበታል። ለንጉሥ ልጅ ግን ማር ይጨመርለታል። ከዚህ አንድ አንቀጽ ሕዝቡ እህል እንደሚዘራ፥ ከብት እንደሚያረባና በማዕርግ እንደሚለያይ እንረዳለን።

2ኛ/ ከመሬት የሚወጣ ዕቃ። ገበሬዎች ለማገዶ የረግረግ አፈር ሲቈርጡ የተቀበረ ቅቤ ያገኛሉ፤ አንዳንዱም በእንጨት ዕቃ ውስጥ ነው። ረግረጉ ቀዝቃዛና አየር የማያስገባ ስለ ሆነ ቅቤው ፈጽሞ አይጠፋም። በ2019 ዓ.ም የወጣ ምርመራ ከእነዚህ ቅቤዎች ጥንታዊው ዕድሜው ከ3,500 ዓመት እንደሚበልጥ አስረዳ። ከ1954 እስከ 1976 ዓ.ም የአየርላንድ ብሔራዊ ሙዚየም ዲሬክተር የነበሩት ኤ. ቲ. ሉካስ በ1960 ዓ.ም ከድንች በፊት ስለ ነበረው ምግብ ጽፈዋል። ያን ጊዜ ማዕዱን ይዘው የነበሩት አጃ፥ ገብስ፥ ወተትና ቅቤ ናቸው።

3ኛ/ የሽማግሌዎች ቃል። ይህ እኛን ተማሪዎችን ይበልጥ ይመለከተናል። ከ1937 እስከ 1939 ዓ.ም በ5,000 ያህል ትምህርት ቤቶች ከ50,000 የሚበልጡ ልጆች፥ በመምህራቸው ትእዛዝ፥ የወላጆቻቸውንና የጎረቤት ሽማግሌዎችን ቃል በደብተር ጻፉ። ከተጠየቁትም ነገሮች አንዱ የጥንት ምግብ ነበረ። ደብተሮቹ ዛሬ በደብሊን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተጠብቀው ይኖራሉ፤ ሊቃውንትም ይጠቅሷቸዋል። ልጆቹ የጠየቋቸው ሽማግሌዎች ግን ካለፉ ብዙ ዘመን ሆነ።

4ኛ/ ወጥ ቤት። ዶክተር ማርቲን ማክ ኮን ኡመሬ ሥራቸውን የጀመሩት በወጥ ሠሪነት ነው፤ በኋላም የወጥ ሥራ አስተማሪ ሆኑ። በደብሊን ከተማ ሁለት ፈረንሳውያን ወንድማማቾች በ1901 ዓ.ም የከፈቱት ዣሜ የተባለ ስመ ጥር ምግብ ቤት ነበረ፤ በ1967 ዓ.ም ተዘጋ። እንደዚህ ያሉ ቤቶች ሲዘጉ ሙያቸው እንዳይረሳ፥ ማክ ኮን ኡመሬ ቀድሞ የሠሩትን ወጥ ሠሪዎችና አስተናጋጆች እየፈለጉ ቃላቸውን መዘገቡ፤ በዚህም ጥናት በ2009 ዓ.ም የዶክተርነት ማዕርግ አገኙ። በ2012 ዓ.ም የምግብ ሊቃውንት የሚወያዩበትን የደብሊን ጉባኤ ከመሠረቱት አንዱ ሆኑ። በ2024 ዓ.ም ደግሞ ከዶርቲ ካሽማን ጋራ ብዙ ሊቃውንት የጻፉበትን ትልቅ የአየርላንድ ምግብ ታሪክ መጽሐፍ አዘጋጅተው አወጡ።

ሆኖም ሊቁ የሰማውን ሁሉ አያምንም። ሕግ ሊሰጥ የሚገባውን ይናገራል እንጂ በእርግጥ የተሰጠውን አይናገርም። ባለጠጋው የምግብ አሠራሩን ጽፎ ሲተው፥ የድኻው ቤት ግን ጽሑፍ አይተውም። የሰው ትዝታም ያለፈውን ያሳምረዋል ወይም ያከፋዋል። ስለዚህ አንዱን ምስክር በሌላው መመዘን ያስፈልጋል። በዚህ ዓይነት ሲመዘን፥ ረኃቡ እውነተኛና መራራ ቢሆንም፥ ከእርሱ በፊት ብዙ ሺህ ዓመት የቈየ የእህልና የወተት ሙያ እንደ ነበረ ተገልጧል። ረኃብን ብቻ የሚያውቅ ሕዝብ ራሱን እንደ ተመጽዋች ይቈጥራል፤ ሙያውን ያወቀ ግን ራሱን ያከብራል።

እንግዲህ፥ ወንድሞችና እኅቶች፥ ለዚህ ሥራ መጀመሪያው መሣሪያ ደብተርና ትዕግሥት ነው። በዕረፍት ጊዜ ወደ ቤታችን ስንሄድ እናቶቻችንንና አያቶቻችንን፥ በልጅነታችሁ ምን ትበሉ ነበር፥ በክፉው ዘመንስ በምን አለፋችሁት ብለን እንጠይቅ፤ የነገሩንን ከነስማቸውና ከነዓመቱ እንጻፍ። ወላጆቻችንም ስንጠይቃቸው፥ ይህ የወጥ ቤት ነገር ምን ይጠቅማችኋል ሳይሉ እንዲነግሩን በትሕትና እንለምናለን። ያልተጠየቀ ሽማግሌ ሲያልፍ የሚያውቀው ሁሉ አብሮት ይቀበራልና።