መብራትን በእጅ ቁልፍ ከሩቅ ስለ ማዘዝ

ከአንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ

መብራት ማብራትና ማጥፋት ትምህርት የሚያስፈልገው ነገር መስሎ አይታይም። ማብሪያው በግድግዳ ላይ ነው፤ በጣት ሲነኩት ይበራል፤ ዳግመኛ ሲነኩት ይጠፋል። እኔ ግን ባለፈው ዓመት ይህን ቀላል ነገር «አሻሽላለሁ» ብዬ ተነሥቼ በቤታችን ላይ ጣጣ አመጣሁ። ከጣጣውም የተማርሁትን ለክፍል ጓደኞቼ፤ ለመምህራኖቼና ለወላጆች ለመግለጽ ይህን ጽሑፍ አቅርቤአለሁ።

ነገሩ የተጀመረው አክስቴ ከአሜሪካ አንድ ሣጥን በላኩልን ጊዜ ነው። በሣጥኑ ውስጥ ሁለት «ስማርት» የሚባሉ አምፑሎች፤ አንድ አገናኝ መሣሪያና መጠኑ ከክብሪት ሣጥን እምብዛም የማይበልጥ ባለ አራት ቁልፍ ሪሞት ነበሩ። ስማርት አምፑል ማለት ከሚያበራው ክፍል በቀር በውስጡ አነስተኛ ሬዲዮና ትእዛዝ የሚፈጽም ትንሽ ኮምፒዩተር ያለበት አምፑል ነው። ስለዚህ «ብራ፤ ጥፋ፤ ደብዝዝ» ቢሉት ይሰማል። በዚያን ጊዜ ልቤን የወሰደው በስልክ ማዘዙ ነበርና ሪሞቱን «ይህስ የሽማግሌ ነው» ብዬ ንቄ በሣጥኑ ውስጥ ተውሁት።

የመጀመሪያው ስሕተቴ አለማንበብ ነው። በአምፑሉ አንገት ላይ በጥቃቅን ፊደል «120 ቮልት» ተብሎ ተጽፎ ነበር። የአሜሪካ የቤት ኤሌክትሪክ 120 ቮልት ሲሆን የእኛ 220 ቮልት ነው። የአሜሪካው አምፑል ጥምዝ 26 ሚሊሜትር፤ የእኛው ደግሞ 27 ሚሊሜትር ስለ ሆነ ልዩነቱ ከማነሱ የተነሣ አምፑሉ ማንም ሳይከለክለው ይገባል። ገባ፤ ማብሪያውን ነካሁት፤ ጧ! ብሎ ጠፋ፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ብቻ ቀረ። አባቴም «ማንበብ የምትማረው ለፈተና ብቻ ነው?» አሉኝ። ሁለተኛውን አምፑል አልሞከርሁትም። አገናኙ መሣሪያ ግን «ከ100 እስከ 240 ቮልት» የሚል ጽሑፍ ስለ ነበረበት በደኅና ሠራ። ቆይቶም ወደ ዱባይ የሚመላለስ ዘመዳችን ለ220 ቮልት የተሠሩ ሦስት አምፑሎች አመጣልን። አንዱን በአያቴ ክፍል፤ አንዱን በመተላለፊያው፤ አንዱን በመጸዳጃ ቤቱ በር ላይ አደረግሁ።

ሁለተኛው ስሕተቴ ከፊተኛው ይከፋል። እንደሚታወቀው ሰው ሁሉ ከክፍል ሲወጣ በልማዱ የግድግዳውን ማብሪያ ያጠፋል። ማብሪያው ሲጠፋ ኤሌክትሪኩ ጨርሶ ይቋረጣል፤ በአምፑሉ ውስጥ ያለው ሬዲዮም አብሮ ይሞታል። ያን ጊዜ በስልክ ቢጠሩት የሚሰማ የለም። እኔም ይህን ለመከልከል ሦስቱን ማብሪያዎች እንደ በሩ ትቼ በላያቸው ፕላስተር ለጠፍሁባቸው። ከዚያ ወዲህ መብራቱ የሚታዘዘው በእኔ ስልክ ብቻ ሆነ። እኅቴ ከመጸዳጃ ቤት ሆና «መብራት አብራልኝ!» እያለች ትጮህ ነበር፤ እኔም እንደ ሹመት ቆጥሬው ደስ ይለኝ ነበር።

አያቴ 79 ዓመታቸው ነው፤ ዓይናቸውንም ሞራ ጋርዶታል። አንድ ቀን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ተነሥተው ግድግዳውን ቢዳብሱ እጃቸው ያገኘው ፕላስተር ነው። «ልጁ ነገ ትምህርት አለበት» ብለው እኔን መቀስቀስ ስላልፈለጉ በጨለማ ሄዱ። በመተላለፊያው የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ተቀምጦ ኖሮ አደናቀፋቸው፤ ወደቁ፤ የቀኝ እጃቸው አንጓ ተሰበረ። ድምፁን ሰምቼ ብሮጥ እኔው ራሴ መብራቱን ማብራት አቃተኝ፤ ስልኬ ባትሪው አልቆ ነበርና። ፕላስተሩን በጥፍሬ ልጬ ማብሪያውን አጥፍቼ ባበራው ጊዜ ብቻ አምፑሉ በራ። አያቴ ከወለሉ ላይ ሆነው «ልጄ፤ መብራቱን የት ሰደድኸው?» አሉኝ። እጃቸው 6 ሳምንት በጄሶ ቆየ።

በማግሥቱ ሪሞቱን ከሣጥኑ አወጣሁት፤ ስለ እርሱም ማንበብ ጀመርሁ።

ሪሞት የቅርብ ጊዜ ነገር ይመስለኝ ነበር፤ ነገር ግን ዕድሜው ከአያቴ ዕድሜ ይበልጣል። ኒኮላ ቴስላ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ1898 በኒው ዮርክ ከተማ አንዲት ትንሽ ጀልባ በውሃ ገንዳ ላይ አድርጎ በሬዲዮ ሞገድ ከሩቅ እያዘዘ ለሕዝብ አሳይቶአል፤ የጀልባዪቱንም መብራቶች እንዲሁ ከሩቅ ያበራና ያጠፋ ነበር። ወደ ቤት የገባው ግን በቴሌቪዥን ምክንያት ነው። ዜኒት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1950 ያወጣው ሪሞት ከቴሌቪዥኑ ጋር በሽቦ የተያያዘ ስለ ነበረ ሽቦው ሰው ያደናቅፍ ነበር። ይህን ሳነብ ሳፋው ትዝ አለኝ። በ1955 ዩጂን ፖሊ የተባለ መሐንዲስ በብርሃን የሚያዝ ሠራ፤ ሆኖም በመስኮት የሚገባው ፀሐይ ደግሞ ቴሌቪዥኑን ያዝዘው ጀመር። በ1956 የወጣው የሮበርት አድለር ሥራ ቁልፉን ሲጫኑት በውስጡ ያለች ትንሽ መዶሻ የአሉሚኒየም ዘንግ ትመታለች፤ ዘንጉም የሰው ጆሮ የማይሰማው ቀጭን ድምፅ ያወጣል፤ ቴሌቪዥኑ ግን ይሰማዋል። ባትሪ አልነበረውም፤ ምክንያቱም ባትሪው ሲያልቅ ሰው ቴሌቪዥኑ የተበላሸ ይመስለዋል ተብሎ ነው። ይህን አሳብ እጅግ አደንቃለሁ፤ በእኔ ስልክ የደረሰውን አስቀድሞ ያየ ይመስላልና። ከዚህ በተቃራኒ ፊሊፕስ በ2012 «ሂዩ» የተባሉትን አምፑሎች ባወጣ ጊዜ የሚታዘዙት በስልክ ነበር፤ ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ ግን ያው ኩባንያ በእጅ የሚጫኑ ቁልፎች ጨመረ። እንግዲህ የተሳሳትሁት እኔ ብቻ አይደለሁም።

የዛሬው የቴሌቪዥን ሪሞት አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ዓይን በማያየው ኢንፍራሬድ ብርሃን ነው። የክፍል ጓደኞቼ ይህን በቀላሉ መመርመር ይችላሉ፤ ክፍሉን አጨልሞ የሪሞቱን አፍ ወደ ስልክ ካሜራ በማዞር ቁልፉን ሲጫኑት በስልኩ መስተዋት ላይ ፈዘዝ ያለ ብርሃን ብልጭ ሲል ይታያል። በአንዳንድ ስልክ የኋላው ካሜራ ስለሚያጣራው የፊተኛውን መሞከር ይሻላል። ብርሃን እንደ መሆኑ ግን ግድግዳ አያልፍም፤ አያቴ በአልጋቸው ሆነው የመተላለፊያውን መብራት በዚህ ዓይነት ሊያዝዙት አይችሉም።

የእኔ ሪሞት የሚናገረው በሬዲዮ ነው። የሚጠቀምበት ስምምነት «ዚግቢ» ይባላል። ስሙ የተወሰደው ንብ አበባ ያገኘችበትን አቅጣጫ ለጓደኞቿ ከምትነግርበት ዳንስ ነው። ይህን የንብ ቋንቋ የፈታው ካርል ፎን ፍሪሽ በ1973 የኖቤል ሽልማት ተካፍሎአል። ስያሜው ያለ ምክንያት አልተሰጠም፤ በኤሌክትሪክ የሚሠሩት አምፑሎች አንዱ የሰማውን መልእክት ለሌላው ያቀብላሉ። በአያቴ ክፍል ያለው አምፑል የሪሞቱን ቃል ተቀብሎ ለመተላለፊያው፤ የመተላለፊያውም ለመጸዳጃ ቤቱ ያደርሳል። ከመካከላቸው የአንዱ ማብሪያ ከጠፋ ግን መልእክተኛው መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። ሞገዱ 2.4 ጊጋኸርትዝ ሲሆን ይህ በአሜሪካም በእኛም አገር አንድ ነው፤ ስለዚህ ከአሜሪካ የመጣ አምፑል ሲቃጠልብኝ በራሱ ባትሪ የሚሠራው ሪሞት ግን በደኅና አገለገለን። መልእክቱም 128 ቢት ርዝመት ባለው የምስጢር ቁልፍ የተዘጋ ስለ ሆነ የጎረቤት ሪሞት የእኛን መብራት አያዝዝም።

አሁን ልዩነቱን እናስተውል። በስልክ ሳዝዝ ቃሌ ከስልኩ ወደ ዋይፋይ ራውተር፤ ከራውተሩ ወደ አገናኙ መሣሪያ፤ ከዚያ ወደ አምፑሉ ይሄዳል። ከአራቱ አንዱ ቢታመም ጨለማ ነው። ሪሞቱ ግን ከአምፑሉ ጋር በቀጥታ ከተዋወቀ ኢንተርኔትም፤ ስልክም፤ ራውተርም አያስፈልገውም። የማስተዋወቁ ሥራ ብዙ ጊዜ ቀላል ነው፤ አምፑሉ በርቶ ሳለ ሪሞቱን እስከ 5 ሳንቲሜትር ድረስ አቅርቦ የተወሰነውን ቁልፍ 10 ሰከንድ ያህል ተጭኖ መቆየት፤ አምፑሉም ብልጭ ድርግም ብሎ «ሰምቻለሁ» ይላል። ይህ እንደ ሠሪው ስለሚለያይ ከሣጥኑ ጋር የሚመጣውን ወረቀት ማንበብ ያሻል። (እኔ ይህን ስመክር አባቴ ይሥቃሉ።) አምፑሉን ከኮርኒስ ከመድረስ ይልቅ በጠረጴዛ መብራት ላይ አድርጎ ማስተዋወቅ ይቀላል፤ እኔ ግን ይህን ያወቅሁት ከወንበር ላይ ሁለት ጊዜ ከወረድሁ በኋላ ነው። ምልክታቸው አንድ ቢሆንም የተለያዩ ኩባንያዎች ዕቃዎች ሁልጊዜ አይግባቡም፤ የእኔዎቹ የተግባቡት በሦስተኛው ሙከራ ነው።

አራቱ ቁልፎች ማብሪያ፤ ማድመቂያ፤ ማደብዘዣና ማጥፊያ ናቸው። አያቴ በዓይን ሳይሆን በጣት እንዲለዩት በማብሪያው ላይ አንድ የስንዴ ፍሬ በሙጫ ለጠፍሁ። ብርሃኑንም ደብዘዝ አድርገን ተውነው፤ ከጨለማ የወጣ ዓይን ድንገት በደማቅ ብርሃን ሲመታ ለጊዜው ይታወራልና። ሪሞቱን በክር ከራስጌያቸው አሰርሁት፤ እርሳቸው ግን ፈትተው እንደ ገንዘባቸው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። ከዚህም የተነሣ በተቀመጡበት ሳያውቁ እየተጫኑት የመተላለፊያው መብራት በቀን ሲበራና ሲጠፋ ይውላል።

በዚህ ቦታ ለወላጆች አንድ ብርቱ ነገር ልንገር። ሪሞቱ የሚሠራው «2032» የሚል ቁጥር ባለበት ጠፍጣፋ ባትሪ ነው፤ 20 ሚሊሜትር ስፋት፤ 3.2 ሚሊሜትር ውፍረትና 3 ቮልት ኃይል አለው። ሕፃን ይህን ቢውጥና በጉሮሮው ቢቀር በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮውን በብርቱ ያቃጥለዋል። ስለዚህ ክዳኑ በብሎን የሚዘጋ ሪሞት መምረጥ፤ ያለቀውንም ባትሪ በየቦታው አለመጣል፤ ሕፃን ዋጠ ተብሎ ቢጠረጠር ሳይቆዩ ወደ ሐኪም መሮጥ ይገባል። ከዚህ ሥጋት የሚያድን ሌላ ዓይነት ቁልፍም አለ፤ በ2001 የተቋቋመው ኤንኦሽን የተባለ የጀርመን ኩባንያ የሚሠራው ቁልፍ ጣት ሲጫነው ከዚያው ከመጫኑ ጉልበት ለአንድ መልእክት የሚበቃ ኤሌክትሪክ ያመነጫል።

አባቴ ስለ ወጪው ጠየቁኝ። ሁልጊዜ የሚያዳምጥ አምፑል ጠፍቶ ሳለም ጥቂት ኤሌክትሪክ ይበላል፤ ግማሽ ዋት ነው ብንል በዓመት 4.38 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ይህም 60 ዋት የሆነ አሮጌ አምፑል 73 ሰዓት ቢበራ የሚፈጀው ነው። አባቴ ስሌቱን ተቀብለው ግን «በመተላለፊያው ሁለት ጫፍ ሁለት ማብሪያ በሽቦ ማስገባት አይቀልም ነበር?» አሉ። ይቀላል፤ ዋጋውም ይረክሳል። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው እንዲያ ቢያደርግ እመክራለሁ። በተሠራ ቤት ግን ግድግዳ መሰርሰር ይመጣል፤ ከአልጋ ላይ ሆኖ ማብራትም አይቻልም።

መብራት የሄደ ጊዜ ሪሞቱ ምንም አይፈይድም። አያቴም ሻማና ክብሪታቸውን ከራስጌ አላነሡም፤ አላስነሣኋቸውምም። መብራቱ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ ብዙ ስማርት አምፑሎች ኤሌክትሪክ በተመለሰ ቁጥር በሙሉ ብርሃን ይበራሉ። አንድ ጊዜ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ መብራት መጥቶ ቤተ ሰቡ ሁሉ ነቅቶ ተቀመጠ። ይህን በስልክ መለወጥ ይቻላል፤ በአያቴ ክፍል ያለውን «እንደ ነበርህ ቆይ» እንዲል አደረግሁት። የመተላለፊያውን ግን ሆን ብዬ ተውሁት፤ ሪሞቱ ቢጠፋ፤ ባትሪውም ቢያልቅ ማንም ሰው የግድግዳውን ማብሪያ አጥፍቶ በማብራት ብርሃን ያገኛልና። በዚያች ሌሊት ያዳነን ይኸው ነበር።

አሁን ፕላስተሩ ተነሥቶአል። በእርሱ ፈንታ በማብሪያው ላይ በማጠፊያ የሚከፈት ትንሽ የእንጨት ክዳን ሠርቼአለሁ። ባለፈው ሳምንት አያቴ ጠርተውኝ በክዳኑ ላይ እጃቸውን እየዳበሱ «ደግሞ ሸፈንኸው?» አሉኝ። «ይከፈታል እማማ፤ ይክፈቱት» አልኋቸው። ሦስት ጊዜ ከፈቱት፤ ሦስት ጊዜ ዘጉት፤ ከዚያም «ደኅና፤ ሳፋውንስ?» ብለው ጠየቁ። ሳፋው ወደ ጓሮ ሄዶአል።