ሕመም የሰውነት ዘበኛ ነው

ሕመምን ሁላችንም እንደ ጠላት እንሸሸዋለን፤ ዳሩ ግን ለሰውነታችን የተሰጠ ዘበኛ መሆኑን ልናስተውል ይገባናል። እጃችን የጋለ ምጣድ በነካ ጊዜ ነርቮች ወሬውን ወደ ሕብለ ሠረሠር ያደርሳሉ፤ ከዚያም በሚወጣው ትእዛዝ፣ አንጎል ቃጠሎውን ከማወቁ በፊት እጃችን ይሰበሰባል። ቀጥሎ አንጎል የተጐዳውን ስፍራ ለይቶ ያስታውቀናል፤ እኛም ቍስሉን እንጠብቃለን።

የሥጋ ደዌ ግን ይህን ዘበኛ ይገድላል። ኖርዌያዊው ሐኪም አርማወር ሐንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 ያገኘው ጀርም ነርቭን ስለሚያበላሽ፣ ታማሚው እሳቱም እሾሁም አይሰማውም። ጣቶቹ የሚጐድሉትም አብዛኛውን ጊዜ ሳይታወቀው በሚደጋገም ቍስልና በመመርቀዝ ነው። ደዌው በመድኃኒት ይድናል፤ የሞተው ነርቭ ግን ብዙ ጊዜ አይመለስም። ስለዚህ እጁንና እግሩን በየቀኑ በዓይኑ መመርመር አለበት። እኛም ልንሸሸው ሳይሆን፣ ራሱ ለማየት የሚቸገረውን ውስጥ እግሩን ልናይለት ይገባናል።