ሳያምርብህም ጋልብ

በጉና ዙሪያ ባለው የጋይንትና የእስቴ ደጋ የሚያድግ ልጅ ፈረስ የሚለምደው ውኃ ሊያጠጣ ሲወስደው ነው። ያለ ኮርቻ፣ ጋማውን ጨብጦ ይወጣበታል፤ ይንሸራተታል፤ እንደገና ይወጣል። አቀማመጡ ማማሩን የሚጠይቀው የለም።

ካደግን በኋላ ለመማር ስንነሣ ግን ገና እግራችን እርካብ ሳይነካ ጀርባችን ቀጥ ማለቱን፣ ከአጥር ማዶ የሚያየን ሰው መኖሩን እናስባለን። ወዳጄ፣ ጭንቀትህ ፈረሱ ዘንድ ይደርሳል። ተሳቀህ እግርህን ስታጣብቅበት «ሂድ» ያልከው ይመስለዋል፤ ልጓሙን ስትጎትት ደግሞ «ቁም»። ሁለቱን ባንዴ ያዘዝከው ፈረስ ቢደናገር አይፈረድበትም። ሶምሶማ ሲጀምርማ የደረቀ ወገብ ኮርቻው ላይ ሲነጥር ይውላል፤ የላላው አብሮት ይወዛወዛል።

የአገራችንን የድሮ እርካብ አይተህ ታውቃለህ? ትንሽ የብረት ቀለበት ናት፤ ፈረሰኛው በባዶ እግሩ አውራ ጣቱን ብቻ ያስገባባታል። በዚያች ጣት ተደግፎ የሚጋልብ ሰው ሚዛኑን አንዴ አስተካክሎ የሚያበቃ እንዳይመስልህ። በየእርምጃው ያጣዋል፣ በየእርምጃው ይመልሰዋል።

ጉግስንም ተመልከት። አንዱ ወገን ዘንግ እየወረወረ ያሳድዳል፣ ሌላው በጋሻው እየመከተ ይሸሻል፤ ከዚያ ተራው ይገለበጣል። ስመ ጥር የተባለውም ፈረሰኛ ጀርባውን ሰጥቶ ይሮጣል፣ ዘንግ ያርፍበታል፣ ይሳቅበታል፤ ከሜዳው ግን አይወጣም። (እኔን ደስ የሚለኝ ከወርዋሪው ይልቅ ፈረሱ አንገት ላይ ተለጥፎ የሚያመልጠው ነው። ሲያዩት አያምርም፤ ግን አመለጠ።) ከስማዳ ዓባይን ተሻግረህ ጎጃም ብትገባ፣ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ በዓሉን ሲያከብር ሽማግሌውም ወጣቱም አብሮ ይጋልባል።

አንድ ነገር ላይ ግን ድርቅ በል፦ የኮርቻውን ጠፍር ሳትፈትሽ አትውጣ፤ የራስ ቁር ካገኘህም አድርግ። ለመጀመሪያው ቀን መልከ መልካሙን ትተህ ረጋ ያለውን ፈረስ ምረጥ፤ ልጓሙን የሚይዝልህ ሰው ይኑር፤ በእርምጃ ጀምር። ሰውነትህ አልላላ ካለህ የምታውቀውን ዘፈን አንጎራጉር፤ የሚያንጎራጉር ሰው ትንፋሹን አፍኖ መያዝ አይችልም። ድምፅህ ባያምርም ግድ የለም፤ ፈረሱ አይታዘብህም።