ጅብ ወንድ ነው ወይስ ሴት? ስለ አንጎል፣ ስለ ሆርሞንና ስለ ነርቭ አጭር ትምህርት

በሐረርና በአካባቢዋ ስለ ጅብ የማያወራ ሰው የለም። ከጀጎል ግንብ ውጪ ማታ ማታ ሰው በእጁ ሥጋ ያጎርሰዋል፤ በሶፊ ገበሬ መንደሮች ደግሞ «ወራቤሳ» ሲባል ከብት ወደ በረት ይገባል። ታዲያ ለማስተማር ልምምድ ወደ ሶፊ የሚወጣ እጩ መምህር «መምህር፣ ጅብ ወንድም ሴትም ነው ይባላል፤ እውነት ነው ወይ?» ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል። ክፍሉ ይስቃል። መምህሩ አፍሮ «ዝም በሉ!» ካለ ትምህርቱ እዚያው ሞተ ማለት ነው። ስለዚህ መልሱን ከወዲሁ እናዘጋጅ።

ሀ/ እውነቱ ምንድን ነው?
አንድ ጅብ ወይ ወንድ ነው፣ ወይ ሴት ነው። ሰው የተሳሳተው ግን ያለ ምክንያት አይደለም። የባለ ነጠብጣቧ ሴት ጅብ ቂንጥር በጣም አድጎ የወንድ ብልት ይመስላል። የምትሸናው፣ የምትጠቃውና የምትወልደውም በዚሁ በኩል ነው። በአካልም ከወንዱ ትበልጣለች፤ መንጋውን የምትመራውም ሴት ናት። ወንዱ ሲጎለምስ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሌላ መንጋ ሄዶ ከሁሉ በታች ሆኖ ይጀምራል።

ለ/ ሥራው እንዴት ይካሄዳል?
በጡት አጥቢዎች ሁሉ፣ በሰውም ጭምር፣ ትእዛዙ የሚነሳው በአንጎል ሥር ካለው ሃይፖታላመስ ነው። እሱ ፒቱታሪ ለተባለው ዕጢ መልእክት ይልካል። ፒቱታሪም በደም በኩል የወንዱን የዘር ፍሬና የሴቷን የእንቁላል ዕጢ ያዛል፤ እነሱም ቴስቶስትሮንና ኢስትሮጅን ያመነጫሉ። ሆርሞኑ በዝቶ ተመልሶ አንጎል ሲደርስ ሃይፖታላመስ ትእዛዙን ይቀንሳል። ነርቭ በበኩሉ ስሜትን ከቆዳ በህብለ ሰረሰር አድርጎ ወደ አንጎል ያደርሳል፣ መልሱንም ያመጣል። ነርቭ በቅጽበት ይሠራል፤ ሆርሞን ግን ቀስ ይላል።

ሐ/ ወደ ጅቧ እንመለስ
ሴቷ ጅብ ስታረግዝ የእንቁላል ዕጢዋ አንድሮስቴንዲዮን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል፤ የእንግዴ ልጁ ይህን ወደ ቴስቶስትሮን ይለውጠዋል። ግልገሎቹ በማኅፀን ሳሉ ይደርሳቸዋል። በኬንያ ማሳይ ማራ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2006 እንደታተመው፣ በእርግዝና መጨረሻ ይህ ዓይነት ሆርሞን የበዛባቸው እናቶች ግልገሎች ይበልጥ ቁጡ ነበሩ።

ነገር ግን ሆርሞን ብቻውን ሁሉን አይፈታም። በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ለእርጉዝ ጅቦች ሆርሞኑን የሚያግድ መድኃኒት ቢሰጥም፣ ሴት ግልገሎቹ ያንኑ ረጅም ብልት ይዘው ተወልደዋል። ከዚህም ሌላ ከውጭ የመጣው ወንድ በደሙ ያለው ቴስቶስትሮን ከሴቷ ይበልጣል፤ የበላይዋ ግን እሷው ናት። በታንዛኒያ ንጎሮንጎሮ የተደረገ ጥናትም የበላይነቱ በይበልጥ የሚመጣው በመንጋው ውስጥ ካለ ድጋፍ መሆኑን አሳይቷል። ዘመድ ያለው ያሸንፋል ማለት ነው!

መ/ ለክፍላችን ምን እንውሰድ?
1ኛ/ ሴት ልጆች አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 13፣ ወንዶች ከ9 እስከ 14 ዓመት ባለው ጊዜ ጉርምስና ይጀምራቸዋል። ይህም እኛ በምናስተምርበት ክፍል ውስጥ ነው። ጡቷ ስላጎጠጎጠ የሚሳቅባት ልጅ ትምህርቷን ልትተው ትችላለች። የሃይፖታላመስ ሥራ እንጂ ነውር አለመሆኑን ከእኛ መስማት አለባት፤ የሚስቁባትም መስማት አለባቸው።

2ኛ/ «ሆርሞን ገፋፋኝ» የሚባል ምክንያት የለም። ሆርሞን ፍላጎትን ያነሳሳል እንጂ ሰውን አስገድዶ አያሠራም። በግንባራችን በኩል ያለው የአንጎል ክፍል አመዛዝኖ ይገታል። ይህ ክፍል እስከ ሃያዎቹ ዓመታት አጋማሽ ድረስ ማደጉን ስለሚቀጥል ወጣቶች ምክርና ሥርዓት ያስፈልጋቸዋል። ለሰው ልጅ ሕግ ከጅብ አንወስድም። ሆኖም ሴቷ ካልፈቀደች ወንዱ ጅብ ሊያጠቃት እንደማይችል፣ ልጃገረድን መንገድ ላይ ጠብቆ እጇን የሚጎትት ጎረምሳ ቢያውቀው አይጎዳውም።

እንግዲህ እጩ መምህራን፣ ጥያቄው ሲነሳ አንሳቅ፣ አንቆጣም። ጠመኔ አንስተን አንጎሉን፣ ዕጢዎቹንና ነርቩን ሰሌዳው ላይ እንሣል፤ ከዚያም በግልጽ እናስረዳ።